ደረቅ ወይን በጾም ቀን

የዓለምዘርፍ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ባለ አንድ ሆቴል ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው አልጋ ስታነጥፍ ጉልበቷ አልቋል። ሐኪሙ «ሥራ ቀይሪ» ብሏታል፤ ለእሱ ማውራት ምን ይቸግረዋል! በ2011 ግን ከታች ምግብ ቤቱ ውስጥ የአስተናጋጅነት ቦታ ተገኘ፤ ወይን ቀምሶ የመለየት ፈተና ለሚያልፍ። እሷም ከምትኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ስትመላለስ ሁለት ወር ሙሉ ሜትሮ ባቡር ውስጥ የወይን ስምና ጣዕም የተዘረዘረበት ወረቀት ይዛ ስታነበንብ ከረመች።

ፈታኙ የባሩ ኃላፊ ጋሽ በፈቃዱ መሆኑን ስትሰማ እፎይ አለች። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ነጠላውን አጣፍቶ ከሁሉ ፊት የሚቆም ያገሯ ሰው ነዋ! ከእሱ ምን ክፉ ይመጣል? የዋህ ናት እንግዲህ።

ዐቢይ ጾም በገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ፣ በፎጣ ከተሸፈነ ጠርሙስ ቀይ ወይን ቀዳላት።

«ጋሼ፣ ከዘጠኝ በኋላ ቢያደርጉልኝ? ውኃም አልቀመስኩ።»

«ስኬጁሉ የኔ አይደለም፣ ዓለሜ። ፈረንጁ ማኔጀር ውጤቱን አሁኑኑ ይፈልጋል። ለእንጀራ ነው፤ እግዜር ያውቅልሻል።»

«እሺ፣ ቀምሼ ልትፋው?»

«ካልዋጥሽው የመጨረሻ ጣዕሙን በምን ታውቂያለሽ?»

ብርጭቆውን አነሳች። ፈራች፤ ማንን ይበልጥ እንደፈራች ግን ለራሷም አልገባት። ጉልበቷን አሰበች፤ አማተበችና ዋጠችው።

ከወረቀቱ ያጠናችው ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። ምላሷ ላይ የቀረው ጣዕም ግን ስሞቹን አንድ በአንድ መለሰላት።

«ደረቅ ነው፣ ስኳር የሚባል የለውም። መጀመሪያ የበሰለ እንጆሪ ይላል፤ ያ ግሬናሽ የሚባለው የወይን ዘር ነው። ቁንዶ በርበሬው ከሲራ ነው የመጣው። ቆዳ ቆዳ የሚለው ሙርቬድር ነው። ከኋላው ጦስኝ አለ፣ ፀሐይ የጠበሰው ጦስኝ። ምላስንም እንደ ቆየ ሻይ ጨምድዶ ይይዛል። የሦስት ወይን ድብልቅ፣ የደቡብ ፈረንሳይ። ከበግ ጥብስ ጋር ይሄዳል።»

ጋሽ በፈቃዱ ፎጣውን ገለጠ። አንዱንም አልሳተችም። ደስታዋን መደበቅ አቅቷት እንደ ልጅ ሳቀች።

«ጎበዝ ነሽ» አላት። «ግን አልወስድሽም።»

«ምነው ጋሼ? ምን ተሳሳትኩ?»

«ለሥራ ብለሽ ጾምሽን ገደፍሽ። ፈጣሪዋን ያልፈራች ሴት እኔን ትፈራለች? ላንቺ የባር ቁልፍ አልሰጥም።»

«ጠጪ ያሉኝ እርስዎ ነዎት እኮ!»

«አዎ፣ ብያለሁ። ማንነትሽን ልይ ብዬ ነው።»

ድምፁ ቁጣ እንኳ አልነበረበትም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ብርጭቆዋ ውስጥ የቀረውን ወይን ማጠቢያው ላይ ደፋውና ባዶውን አስጨበጣት።

«ይህን አጥቢልኝ» አለ። «ሌላዋ ተፈታኝ፣ ማርያማዊት፣ በዚሁ ነው የምትቀምሰው። ለዘጠኝ ተኩል ቀጥሬያታለሁ፤ ምስኪን፣ ጾመኛ ናት።»