አራቱ መረገጫዎች

ሚሊሜትር አጉሊ መነጽሩን ወደ ዓይኑ አውርዶ እንደገና ቆጠረ። ነሐሱ ቅጠል ላይ ስምንት መሆን የነበረባቸው የፉርጎ መወጣጫ መረገጫዎች አራት ናቸው። በወረንጦው ጫፍ አንድ በአንድ እየነካ ለሦስተኛ ጊዜ ቆጠረ። አራት። የጎደሉት የት እንደገቡ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም፤ ፉርጎው ላይ ናቸው። ሁለቱ በግራው በር ሥር፣ ሁለቱ በቀኙ፣ ተበይደው ቁጭ ብለዋል።

"እኔ አልበየድኳችሁም" አላቸው ቀስ ብሎ።

ፉርጎው የእውነተኛው ትንሽ አምሳያ ነው፤ ከመዳፍ አይበልጥም። በፖስታ ሲመጣ እንደ ደብዳቤ ጠፍጣፋ ነው፤ አንድ ስስ የነሐስ ቅጠል፣ ላዩ ላይ በአሲድ የተቀረጹ ግድግዳዎች፣ በሮች፣ የፍሬን ዘንጎች፣ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ መረገጫዎች። እያንዳንዷ ክፍል በፀጉር በምታህል ድልድይ ከቅጠሉ ጋር ተያይዛለች። ድልድዩን መቁረጥ፣ ጫፉን በሞረድ ማስተካከል፣ በተቀረጸችው ቦይ ላይ ማጠፍ፣ ከዚያ መበየድ። ሲያወሩት ቀላል ነው። ሚሊሜትር ግን አንዱን ፉርጎ ለመጨረስ ወር ተኩል ይፈጅበታል፤ በዚያ ወር ተኩል ውስጥ ነሐሱን የሚሰድበው ስድብ ደግሞ ለአንድ ሙሉ ባቡር ይበቃል።

ቅጽል ስሙን ያገኘው በሥራው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የእውነተኛ ፉርጎዎች ተቆጣጣሪ ነበር። የመረመረው ፉርጎ ጎን ላይ በነጭ ጠመኔ ምልክት ካላደረገበት ባቡሩ ከጣቢያው ንቅንቅ አይልም። አንድ ቀን "ፍሬኑ አንድ ሚሊሜትር ጎድሏል" ብሎ ሃያ ሁለት ፉርጎ የሚጎትት ባቡር ከነሾፌሩ ግማሽ ቀን አቆመ። ከዚያ ወዲያ እናቱ ያወጣችለት ስም ተረሳ። ጡረታ ሲወጣ መታወቂያውንና ቆቡን አስረክቦ ጠመኔውን ግን ይዞ ቤቱ ገባ። አሁንም ትንሿ ፉርጎ ላይ አንድ ክፍል በበየደ ቁጥር አጠገቡ ነጭ ነጥብ ያደርጋል፤ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ታጥቦ የሚጠፋ ነጥብ ነው።

ከአራቱ መረገጫዎች አጠገብ ነጥብ የለም።

እንግዲህ እሱ አልበየዳቸውም ማለት ነው። ወይም በይዷቸው ረስቷል፣ ነጥቡንም ማድረግ ረስቷል። የቱ እንደሆነ ማወቅ አቃተው። ነገሩ ሲደርስበት ይህ ሦስተኛው ነው። ባለፈው ሳምንት የፊተኛው ማያያዣ ጋንቾ ሳያውቀው ተበይዶ አገኘው። ሰኞ ዕለት ሁለቱ የፍሬን እጀታዎች። ያኔ በራሱ ስለማይተማመን ማታ ማታ ከመተኛቱ በፊት ወረቀት ላይ መጻፍ ጀመረ። አሁን ከሸሚዙ ኪስ አውጥቶ አነበበው። "ረቡዕ ማታ። መረገጫ ስምንት። አንድም አልተነካም።" የገዛ እጅ ጽሕፈቱ ነው፤ ሊክደው አይችልም።

ታዲያ መቼ? ማታ ተኛ፤ ጠዋት ሻይ ጠጥቶ እንደ ልማዱ ለግማሽ ሰዓት የእግር ጉዞ ወጣ፤ ጋዜጣውን ገዝቶ ተመለሰ። ተኝቶ እያለ ተነስቶ ሠርቶ ይሆን? እጁ ከሱ ተደብቆ?

ባለቤቱ በመስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ የጎረቤት ጉርድ ቀሚስ ትፈታለች። ሠላሳ አምስት ዓመት ልብስ ሰፊ ነበረች። ሰው ሁሉ የተሰፋ መግዛት ሲጀምር ሱቋን ዘጋች፤ አሁን የሚመጣላት የሚያጥር ሱሪና የተበላሸ ዚፕ ብቻ ነው።

"ስሚ እስቲ" አላት። "ዛሬ ጠዋት ስነሳ ምን አደረግኩ?"

"ምን ታደርጋለህ? ተነሳህ፣ ካልሲህን ፈለግህ፣ በእኔ አሳበብህ፣ ካልሲው እግርህ ላይ ተገኘ፣ ሻይህን ጠጥተህ ወጣህ።"

"እዚህ ጠረጴዛ ጋ አልተቀመጥኩም?"

"እኔ ያንተን ጠረጴዛ አያለሁ እንዴ? ከዚያ ወዲህ ዓይኔ እንኳ ዞሮ ነው የሚያልፈው።"

ከዚያ ወዲህ ማለቷ ከሁለት ዓመት በፊት ስለሆነው ነው። አቧራ ስትጠርግ አንዲት የጤፍ ፍሬ የምታህል መቀርቀሪያ ከመጥረጊያው ጋር ሄደች። ሚሊሜትር ጮኸ። ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት መጥቶ በር አንኳኳ። ይቅርታ አልጠየቃትም፤ ሊጠይቅ አስቦ ቀኑ አለፈው፣ ከዚያ ሳምንቱ፣ ከዚያ ዓመቱ። እሷም አኩርፋ አልቀረችም፤ ብቻ ወለሉን ስታጸዳ ጠረጴዛውን እንደ ጉድጓድ ትዞረዋለች።

"ጣትሽን ምን ሆንሽ?" አላት፤ ሌባ ጣቷ ላይ ፕላስተር አይቶ።

"ካውያ ነው። አሁን ሥራህን ሥራ፣ ክሩ ጠፋብኝ።"

ወደ ፉርጎው ተመለሰ። መብራቱን አስጠግቶ መረገጫዎቹን ከሥር አያቸው። የታጠፉት በተገላቢጦሽ ነው። ነሐስ የሚታጠፈው ቦይዋን ወደ ውስጥ አድርጎ ነው፤ ማዕዘኑ የሚገጥመው እንዲያ ሲሆን ብቻ ነው። እዚህ ግን የአራቱም ቦይ ወደ ውጭ ነው፣ ማዕዘናቸው ላይ ጭረት የምታህል ክፍተት ይታያል። ብየዳው ንጹሕ ነው፤ የቀለጠው የብየዳ እርሳስ አልበዛም፣ አልፈሰሰም። እጥፋቱ ግን ስሕተት ነው።

መጀመሪያ ደስ አለው። "እኔ በእንቅልፍ ልቤ እንኳ እንዲህ አላጥፍም!" ወዲያው ግን ደስታው ከዳው። ታላቅ ወንድሙ ትዝ አለው። የሱም የጀመረው እንዲህ ነበር፤ ያጠጣውን አትክልት ተመልሶ ያጠጣ ነበር። ቀጥሎ ኮቱን ገልብጦ መልበስ መጣ፤ ገበሩ ወደ ውጭ ሆኖ፣ እሱ ምንም ሳይመስለው። በመጨረሻ አርባ ዓመት አብራው የኖረችውን ሚስቱን "እሜቴ፣ ማንን ፈልገው ነው?" አላት። ሚሊሜትር ያን ቀን እዚያው ቁጭ ብሎ ነበር። የሴትዮዋን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ኮት ገልብጦ መልበስና መረገጫ ገልብጦ ማጠፍ ምን ለያቸው?

ስልኩን ይዞ ወደ በረንዳ ወጣና በሩን ከኋላው ገጠም አደረገ። የደወለው ለፉጨት ነው፤ ለዚያ ባቡሩን ግማሽ ቀን ላቆመበት ሾፌር። ከዚያ ጠብ ወዲህ ወዳጆች ናቸው። ፉጨት አሁን በጡረተኞቹ ማኅበር አዳራሽ ውስጥ የተዘረጋው የትንሹ ሐዲድ ኃላፊ ነው። ቅዳሜ አዳራሹ ለቤተሰብ ይከፈታል፤ ሚሊሜትር ቃል የገባቸው ስድስት ፉርጎዎች ናቸው፣ አምስቱን አስረክቧል።

"ና ውሰደው" አለው።

"ምኑን?"

"ፉርጎውን። መበየጃውንም፣ ወረንጦውንም፣ ሁሉንም። የቀረውን ሌላ ሰው ይጨርሰው።"

"አሞሃል እንዴ?"

"እንጃ።"

ፉጨት ሲጨንቀው እንደሚያደርገው ቀጭን ፉጨት አሰማ። "ትናንት ምሳ ምን በላህ?"

"ሾርባ።"

"ከትናንት ወዲያስ?"

"ሾርባ... መሰለኝ።"

"እኔ የዛሬ ቁርሴንም አላስታውስ። ይሄ ምልክት አይደለም።"

"የሠራሁትን አላስታውስም፣ ፉጨት። የሠራሁትንም ገልብጬ ነው የሠራሁት። እንደ ወንድሜ እየሆንኩ ነው።"

ፉጨት ወንድሙን ያውቀው ነበር። አላፏጨም። "እሺ፣ መጣሁ" ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ሚሊሜትር ተመልሶ ገባና ጠረጴዛው ጋ መቀመጡን ትቶ ከባለቤቱ ፊት ለፊት ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሊያያት ፈለገ፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ከግራ ጆሮዋ ሥር ያለችውን ጥቁር ነጥብ፣ ክር ስትበጥስ የምትኮሳተረውን መኮሳተር፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ የተወውን ቀይ ምልክት። ልክ እንደ ፉርጎ አንድ በአንድ መረመራት። ይህን ፊት ማን ነሽ የሚልበት ቀን ሊመጣ ነው ብሎ አሰበ። ፈራ። በዕድሜው እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

"ምን ሆነህ ነው የምታፈጥብኝ?"

"ምንም። ሥራሽን ሥሪ።"

ትከሻዋን ነቅንቃ ጉርድ ቀሚሱን ጭኗ ላይ ዘረጋች። በማስመሪያ ለክታ በሰማያዊ ጠመኔ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረች። ጨርቁን በመስመሩ ላይ አጠፈችው፣ በአውራ ጣቷ ጥፍር ከዳር እስከ ዳር ፈትጋ አስተኛችው። ሰማያዊው መስመር በእጥፋቱ ጠርዝ ላይ ወደ ውጭ ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሚሊሜትር ከወንበሩ ወደ ፊት ጎንበስ አለ።

"መስመሩን ለምን ወደ ውጭ ታደርጊዋለሽ?"

"ካላየሁት ቀጥ ማለቱን በምን አውቃለሁ? ወደ ውስጥ ካጠፍኩት ይደበቅብኛል። ዛሬ ምን ሆነሃል አንተ?"

ዓይኑ ከመስመሩ ወደ ጥፍሯ፣ ከጥፍሯ ፕላስተር ወደተለጠፈበት ሌባ ጣቷ ሄደ። ካውያ ሰፊ ነገር ነው፤ የሚያቃጥለው እጅን ነው። የጣት ጫፍ ብቻ ለይቶ የሚያቃጥል ነገር በዚህ ቤት ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጫው ውስጥ ቆሟል። ግማሽ ሰዓት። እሱ ጋዜጣ ሲገዛ እሷ ግማሽ ሰዓት አላት።

የተሰማውን ለመለየት ጊዜ ወሰደበት። ቁጣም ነበር፤ አሥር ቀን ሙሉ አእምሮዬን ሳትኩ እያለ ሲሰቃይ እሷ እዚህ ዝም ብላ ክር ትበጥሳለች! ሊጮህ አፉን ከፈተ። ከዚያ ያ የሁለት ዓመቱ ጩኸት ትዝ አለውና አፉን ዘጋ። ምን ብላ ትንገረው? ጠረጴዛህን ነካሁ ብላ? እሱ በምን እንደሚጨነቅ አላወቀችም፤ እሱም አልነገራት። ደግሞስ እርግጠኛ ነው? ምናልባት ወንድሙን መሆን ስላልፈለገ በሚስቱ እያሳበበ ይሆናል፣ እንደ ካልሲው።

በሩ ተንኳኳ። ፉጨት ባዶ ካርቶን በብብቱ ይዞ ገባ።

"እህት ዓለም፣ እንዴት ዋልሽ? ዕቃውን ልወስድ መጥቼ ነው።"

"የምን ዕቃ?"

"የባልሽን ነዋ። መበየጃውን፣ ፉርጎውን። በቃኝ ብሎኛል።"

ባለቤቱ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። ጉርድ ቀሚሱ ከጭኗ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ፣ እሷም አላነሳችውም።

"እንዴት በቃኝ ይላል? ሊያልቅ እኮ ነው! አራት መረገጫ ብቻ ነው የቀረው!"

ፉጨት አንዴ እሷን፣ አንዴ ወዳጁን አየና ጣሪያውን እያየ ቀስ ብሎ ማፏጨት ጀመረ። እሷ ያለችው ገና አሁን ገብቷት ፊቷ ቀላ፤ ጎንበስ ብላ ቀሚሱን ለማንሳት ከሚገባው በላይ ቆየች።

ሚሊሜትር አሥር ቀን ሙሉ ደረቱ ላይ የተቀመጠው ነገር ሲነሳለት ተሰማው። ሊስቅ ዳዳው፤ እንባም መጣበት፤ ሁለቱንም ለመደበቅ ሲል አፍንጫውን በመሐረብ ጠረገ።

"አራት ነው የቀረው፣ ልክ ናት" አለ። "ቆጥሬዋለሁ። ካርቶንህን ይዘህ ሂድ፣ ፉጨት። ቅዳሜ ጠዋት ራሴ አመጣዋለሁ።"

"ታዲያ በሽታህስ?"

"የእጥፋት ጉዳይ ነው። ተሻለኝ።"

ፉጨት ምንም አልገባውም፤ ግን ወዳጁ ሲስቅ ካየ ቆይቷልና አልጠየቀም። ደረጃውን እያፏጨ ወረደ።

ሚሊሜትር ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ። ከኋላው የስፌት መኪናው ዝም ብሏል፤ ጩኸት እየጠበቀች እንደሆነ ገባው። የተገለበጡትን መረገጫዎች በመነጽሩ አያቸው። መበየጃውን አግሎ ማላቀቅ፣ አቃንቶ መልሶ መበየድ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ስሕተት አይቶ ያሳለፈው ፉርጎ የለም።

ከቅጠሉ ላይ አንዷን መረገጫ ብቻ ቆረጠ። ቦይዋን ወደ ውስጥ አድርጎ በጥንቃቄ አጠፋት፣ ማንም ሊያያት በሚችልበት ቦታ መብራቱ ሥር አስቀመጣት። የቀሩትን ሦስቱን አልነካም። ከዚያ ጠመኔውን አንስቶ በተገለበጡት በአራቱ መረገጫዎች አጠገብ አራት ነጭ ነጥብ አደረገ።

ተነስቶ ኮቱን ለበሰ፤ ገበሩ ወደ ውስጥ መሆኑን አይቶ።

"የት ነው ደግሞ?" አለች፣ ቀና ሳትል።

"ትንሽ ልንሸራሸር።"

"ጠዋት ተንሸራሽረህ የለም እንዴ? ያውም በዚያ ጉልበትህ?"

"ጉልበቴ ደህና ነው። ዛሬ ራቅ አድርጌ ነው የምሄደው" አለ በሩን እየከፈተ። "ሁለት ሰዓት ያህል እቆያለሁ። መበየጃውን ሰክቼው ነው የምሄደው፤ እጀታውን ያዢ እንጂ ጫፉን እንዳትነኪ።"