ውሃው ራሱ የሚያሰምረው መስመር

የክትር ጠባቂው ሌያርኮ እንደሚለው ጎህ ሲቀድ መንደሩን ከወንዙ በሚጠብቀው ትልቁ የአፈር ክትር ሥር ሲያልፍ፣ በመንደሩ በኩል ያለው የክትሩ ዳገት ከቦዩ አንስቶ እስከ ጉልበቱ ድረስ ርሶ አገኘው። ጎንበስ ብሎ ዳሰሰው። የራሰው ሣሩ ብቻ አልነበረም፤ አፈሩም ጭምር ነበር። በመዳፉ ሲጫነው እንደ ስፖንጅ ውሃ ተፋ፤ ውሃውም ጥርት ያለና ቀዝቃዛ ነበር። ይህ ማለት ፖ ወንዝ በክትሩ ሆድ ውስጥ አልፎ ወደ መንደሩ ብቅ ማለት ጀምሯል ማለት ነው።

ኦሪዬሌ እንደሚለው ደግሞ እሱም በዚያው ማለዳ በዚያው ቦታ አልፏል፤ ያየው ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ ያደረ ዝናብ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ዳገት ይረጥባል። ይህን ለማወቅ የክትር ጠባቂነት ቢጫ ሰደርያ መልበስ አያስፈልግም። ሌያርኮ በየኅዳሩ ጎርፍ ሲመጣ ልቡ ድም ድም የሚልበት ሰው ስለሆነ፣ ውሻ ሽንቱን የሸናበትን ቦታም ቢያይ ደወል ያስደውላል።

ሁለቱ ሰዎች በሳን ሊብራሌ ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው ካርታ ይጫወታሉ፤ ሲጨቃጨቁም ሰው ከቁም ነገር አይቆጥረውም ነበር። የዚያን ቀን ግን ጭቅጭቁ ሌላ ነበር። የኦሪዬሌ ቤትና እርሻ ያለው በወንዙና በትልቁ ክትር መካከል ባለው ሜዳ ላይ ነው፤ ከወንዙ የሚጠብቀው ትንሹ ክትር ብቻ ነው። ትንሹ ክትር ላይ አንድ የውሃ በር አለ፤ የሚከፈትበት መዘውር በኦሪዬሌ እጅ ነው። በሩ ከተከፈተ ወንዙ ወደ ሜዳው ቀስ ብሎ ይገባል፣ ከፍታው ይቀንሳል፣ ትልቁ ክትርም እፎይ ይላል። የኦሪዬሌ ቤት ግን እስከ መስኮቱ ይሰጥማል። የሌያርኮ ወሬ እውነት ከሆነ በሩ መከፈት አለበት፤ የኦሪዬሌ ከሆነ ደግሞ መነካት የለበትም።

ከወንዙ ጽሕፈት ቤት የመጣው ኢንጂነር ዛምቤሊ ሁለቱንም በትዕግሥት አዳመጠ። ከዚያ ላፕቶፑን ክትሩ አናት ላይ ባለው የጠባቂዎቹ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከፍቶ አሳያቸው። በስሌቱ መሠረት ወደ ክትሩ የሚገባው ውሃ እየወረደ እየወረደ ሄዶ በቀጥታ ቦዩ ላይ ይወጣል፤ ከቦዩ በላይ ስንዝር ታህል እርጥበት የለም።

«ሰማህ?» አለ ኦሪዬሌ። «ኮምፒዩተሩም ዝናብ ነው አለ።»

«ኮምፒዩተሩ ቦት ጫማ አድርጎ ክትር ለክቶ ያውቃል?» አለ ሌያርኮ።

ፎስካ በዚያ ሰዓት በአጎቷ ቤት፣ ጎርፍ ቢገባ እንዳይበላሽ ዱባ ወደ ፎቅ ታመላልስ ነበር። እናቷ የኦሪዬሌ እህት ናት፤ ፎስካ ያደገችው ግን በአጎቷ ቤት ነው። አሁን በፓቪያ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርቷን ትከታተላለች፤ የምታጠናውም ይህንኑ ነው፣ አፈር ውስጥ የሚሄድን ውሃ። መንደሩ ውስጥ ይህ ለብዙ ቀልድ ምክንያት ሆኗል። «ጭቃ ለማጥናት ፓቪያ ድረስ መሄድ ምን አስፈለገ? እኛ ጋ ሞልቶ የለ!» ይሏታል። ኢንጂነሩ ስልክ ሲያስደውልላት ብብቷ ውስጥ የነበረችውን ዱባ እንደያዘች ክትሩን ወጣች።

ገና በሩ ላይ ሳለች አጎቷ «ንገሪያቸው የኔ ልጅ» አላት።

ሌያርኮ ዱባዋን ተቀብሏት አስቀመጠና፣ «ልክ ነው፣ ንገሪን። ግን የአጎትሽን ቤት የሚያተርፈውን ቁጥር እየመረጥሽ እንዳይሆን» አላት።

ፎስካ ፊቷ ቀላ። ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ አለች። በስክሪኑ ላይ ክትሩ ለሁለት ተቆርጦ ከጎን ይታያል፤ በግራ ወንዙ፣ በቀኝ ቦዩ፣ በመካከል ደግሞ ውሃው የደረሰበትን ከፍታ የሚያሳይ ሰማያዊ መስመር። መስመሩ ውብ ነበር፤ ከወንዙ ተነስቶ እየጎበጠ ወርዶ ቦዩ ውስጥ ባለው ውሃ ላይ ልክክ ይላል። በጣም ልክክ ይላል። ጣቷን እዚያ ላይ አሳረፈች።

«ኢንጂነር፣ ውሃው እዚህ ጋ እንደሚወጣ ለፕሮግራሙ ማን ነገረው?»

«እኛው ነን» አለ ዛምቤሊ። «መውጫው የቦዩ ውሃ ከፍታ ላይ ነው ብለን እናስገባለን። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የምናደርገው። ካልሆነ ስሌቱ አያልቅም።»

«ታዲያ እኮ መልሱን ከጥያቄው ጋር አብራችሁ ሰጣችሁት!»

ድምፅዋ ከፍ ብሎ ስለወጣ ሁሉም ዘወር አሉ። ፎስካ ከላፕቶፑ ቀና አለች። ለሦስት ዓመት በወረቀት ላይ ስትከተለው የኖረችው ነገር እግሯ ሥር፣ ቦት ጫማዋ በቆመበት አፈር ውስጥ እየሄደ ነበር።

«ጋሼ ሌያርኮ፣ እዩኝማ» አለች። «እዚህ ክፍል ውስጥ ሙቀቱ እንዴት እንደሚሄድ ቢጠይቁኝ፣ ግድግዳዎቹ የት እንዳሉ አይቼ መሥራት እጀምራለሁ። ክትሩ ውስጥ ግን ከግድግዳዎቹ አንዱ አይታወቅም። የውሃው ጣሪያ የት እንደሆነ የሚወስነው ውሃው ራሱ ነው። ጣሪያውን ሳላውቅ ውሃው እንዴት እንደሚሄድ አላውቅም፤ ውሃው እንዴት እንደሚሄድ ሳላውቅ ደግሞ ጣሪያውን አላውቅም። ሁለቱን በአንድ ላይ ነው መፈለግ ያለብን። እኛ ነፃ ወሰን ነው የምንለው።»

«ነፃ ከሆነማ ምን ገዶን» አለ ኦሪዬሌ። ዙሪያውን ቡና ይጠጡ ከነበሩት ጠባቂዎች አንዳንዶቹ ሳቁ።

«አጎቴ፣ ነፃ ማለት እኛ አናዘውም ማለት ነው። መስመሩ ቦዩ ላይ ልክክ እንዲል ማንም አላዘዘውም። ከቦዩ በላይ፣ ዳገቱ ላይም ሊወጣ ይችላል። እንዲያውም ሁልጊዜ ከቦዩ በላይ ነው የሚወጣው፤ ጥያቄው በምን ያህል ነው።»

ዛምቤሊ መነጽሩን አወለቀ። ሰውየው ሲሳሳት የሚቆጣ ዓይነት አልነበረም። «ስንዝር ከሆነ ቸል ብንለው አያስከፋም ብለን ነው» አለ።

«ክትሩ ከአንድ ዓይነት አፈር ቢሆን ኖሮ ልክ ነበሩ። የመሬት ቁፋሮው ውጤት አለዎት?»

ዛምቤሊ ውጤቱ ነበረው። ፎስካ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ትልቁ ክትር በየዘመኑ እየተደራረበ የተሠራ ነው፤ ከውጭ ሸክላ አፈር ሲሆን በሆዱ ውስጥ ግን የድሮ ሰዎች ከወንዙ ዳር በጋሪ ያመጡት አሸዋ አለ። ለአሸዋው ሁለት ቁጥር ተመዝግቧል፤ አንዱ ውሃን በቀላሉ የሚያሳልፍ፣ ሌላው የሚያዘገይ። የሚያዘገየውን ብትወስድ የአጎቷ ቤት ይተርፋል። ልቧ ወደዚያ ሲያዘነብል ተሰማት። ሌያርኮ በጀርባዋ ቆሞ ይተነፍሳል።

«የሚያዘገየው ቁጥር ከየትኛው ጉድጓድ ነው የተገኘው?» ብላ ኢንጂነሩን ጠየቀች።

«ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ካለው።»

«ይኼኛውስ?»

«ካለንበት ቦታ ሥር።»

ይኼኛውን አስገባች። ከዚያ መስመሩን ለቀቀችው፤ የትም ሂድ፣ ደስ ባለህ ቦታ ውጣ አለችው። ኮምፒዩተሩ መስመሩን ያሰላል፣ ውሃው ደህና መሄዱን ያያል፣ ካልሆነ ያንቀሳቅሰዋል፣ እንደገና ያሰላል። መስመሩ በስክሪኑ ላይ እየተንቀጠቀጠ ሲወጣ ጠባቂዎቹ አንድ በአንድ ቡናቸውን እያስቀመጡ ከኋላዋ ተሰበሰቡ። «ሂድ፣ ሂድ» ይለዋል አንዱ፣ እንደ ብስክሌት ውድድር። መስመሩ ረግቶ ሲቆም ከቦዩ ብዙ ከፍ ብሎ፣ ጉልበት ላይ ነበር። ሌያርኮ ጎህ ሲቀድ ባየው ከፍታ ላይ።

«እህ!» አለ ሌያርኮ።

«እህ ምንድን ነው?» አለ ኦሪዬሌ። «አንተ ጉልበቴ ጋ አልክ፣ እሷም ሰምታህ ጉልበት ጋ አወጣችው። እኔም ብሆን መልሱን ካወቅሁ ስሌት እሠራለሁ።»

ፎስካ አጎቷን ቀና ብላ አየችው። ተቆጥቶ ነበር፤ የተናገረው ግን እውነት ነው። የሚታወቀውን መልሶ መናገር ፈተና አይሆንም።

«እሺ አጎቴ። እንግዲያው የማላውቀውን ልናገር። ወንዙ እየጨመረ ነው። አንተ እንደምትለው ዝናብ ከሆነ፣ ዝናቡ ቆሟል፣ ነፋሱም በርትቷል፣ ዳገቱ እስከ ቀትር ይደርቃል። ኢንጂነሩ እንዳሉትም ከሆነ ይደርቃል። እኔ ትክክል ከሆንሁ ግን አይደርቅም፤ ከፍ ይላል። የት ድረስ እንደሚል አሁኑኑ ችካል እተክላለሁ።»

ወጡ። ፎስካ ከቦዩ ጀምራ እስከ ዳገቱ ድረስ ቀይ ጨርቅ የታሰረባቸውን ችካሎች ስንዝር በስንዝር ተከለች። እርጥበቱ በዚያ ሰዓት ሁለተኛው ላይ ነበር። እሷ ሦስተኛውን በእጇ ይዛ «የቀትር ደወል ሲደወል እዚህ» አለች። ሌያርኮ በላምብሩስኮ ወይን ጠርሙስ ሊወራረድ ሲል ኦሪዬሌ፣ «ያንተን ኮምጣጤ ለማን ልታጠጣ ነው!» አለው።

ጥቂት ቆይቶ አንድ ጎልማሳ ጠባቂ ሸክላ አፈር በአካፋ እያመጣ እርጥበቱ ላይ መለጠፍ ጀመረ። ፎስካ ሮጣ አካፋውን ያዘችበት።

«አፉን አይዝጉት! የሚወጣበት ካጣ ጣሪያው ከፍ ይላል፣ ሌላ ቦታ ይፈነዳል!»

«አንቺ ልጅ፣ እኛም እናውቃለን እኮ» አለ ሌያርኮ። «ሜዳ ላይ ውሃ ሲፈልቅ ዙሪያውን በአሸዋ ከረጢት እናጥራለን እንጂ ምንጩን አንደፍነውም።»

«ታዲያ ይኼም ያው ውሃ ነው። ጠጠር አድርጉበት። አፈሩን ይያዝ፣ ውሃውን ያሳልፍ።»

ሌያርኮ ወደ ሰዎቹ ዞሮ፣ «ጠጠር!» ብሎ ጮኸ። ሰዎቹም ወደ ትራክተሩ ሮጡ።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ሆነ። ነፋሱ በረታ፤ የክትሩ አናት ነጭ ሆኖ ደረቀ፣ የዳገቱ ላይኛ ሣርም ደረቀ። ኦሪዬሌ «አየሽ?» አላት። አየች። ግማሿ እንዲደርቅ ትለምናለች፤ ግማሿ ደግሞ በሁለተኛውና በሦስተኛው ችካል መካከል ያለውን አፈር በዓይኗ ትገፋዋለች። በጉልበቷ ተንበርክካ ተጠጋች። የእርጥበቱ ጠርዝ ጥቁር ነው፣ እንደ ሸሚዝ ላይ ላብ። ከላይ ያለው ሣር ይደርቃል፤ ከሥር ያለው ጥቁር ግን አይደርቅም። ይልቁንም አንዲት የሣር ሥር ነጭ የነበረች ጠቆረች። ቀጥሎ አጠገቧ ያለችው።

«እየወጣ ነው» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። ከዚያም ጮኸች፤ «እየወጣ ነው!»

ዛምቤሊ ካልሲው እስኪርስ ቦዩ ውስጥ ቆሞ ይመለከታል። ደወሉ ገና በመጀመሪያው ምት ሳለ ጥቁሩ ጠርዝ የሦስተኛውን ችካል እግር ነካ። ችካሉ የተተከለበት ቀዳዳ ውስጥ ውሃ ፈለቀ። ፎስካ ከመሬት ብድግ ብላ ዘለለች፣ እጆቿን ወደ ሰማይ ወርውራ ጮኸች። ኢንጂነሩን አቀፈችው፤ ሌያርኮም ከኋላ ሁለቱንም አቀፈ፤ ክትሩ ላይ የቆሙት ሁሉ ያጨበጭባሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ የማይታይ መስመር ስትከተል ኖራ አሁን መስመሩ በቃሉ ተገኝቷል። ይኸው፣ በእጅ ይዳሰሳል!

ሲዘል የነበረ እግሯ መሬት የነካው አጎቷን ስታይ ነው። ኦሪዬሌ አላጨበጨበም፤ ሜዳው ላይ ወዳለው ቤቱ እያየ ነበር። ፎስካ ወደ እሱ ሄደች።

«አጎቴ…»

«ዛሬ ማታ ጎርፉ ጫፉ ላይ ሲደርስ መስመሩ የት ይሆናል?» አለ ሳያያት።

«አምስተኛው ችካል ላይ።»

«አሸዋው የሚጀምረው የት ነው?»

«አራተኛው ላይ» አለ ዛምቤሊ። «ከዚያ ካለፈ አፈሩ ከውሃው ጋር አብሮ መውጣት ሊጀምር ይችላል።»

«በሩ ቢከፈትስ?»

«አራተኛው ላይ ሳይደርስ ይቆማል» አለች ፎስካ። «አሁን ከተከፈተ። ማታ ከሆነ መስመሩ አራተኛውን አልፏል፤ ያኔ ሜዳው ቢሞላም ለትልቁ ክትር አይደርስለትም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

ቀላሉ መልስ አዎ ነበር። ሁሉም ያንን ይጠብቃሉ።

«መስመሩ የት እንደሚሆን እርግጠኛ ነኝ፣ ከአንድ መዳፍ በላይ አልሳሳትም። መስመሩ እዚያ ሲደርስ ክትሩ ምን እንደሚሆን ግን አላውቅም። ሊችለው ይችላል። ከቻለው ቤትህን በከንቱ አሰጠምን ማለት ነው። አጎቴ፣ ይህን ካልነገርሁህ ዋሸሁህ ማለት ነው።»

ዛምቤሊ፣ «አቶ ኦሪዬሌ፣ ትእዛዙ ከጽሕፈት ቤት እስኪመጣ ሰዓታት ይፈጃል። እስከዚያ በሩ በእርስዎ እጅ ነው። ላስገድድዎ አልችልም» አለ።

ኦሪዬሌ ዳገቱን ወርዶ ሦስተኛው ችካል አጠገብ በጉልበቱ ተንበረከከ። መዳፉን አፈሩ ላይ ጫን አደረገ። በጣቶቹ መካከል ውሃው ወጣ፣ ጥርት ያለና ቀዝቃዛ። ሲነሳ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ፎስካን አያት።

«ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ያለውን ቁጥር ማስገባት ትችይ ነበር» አላት። «ከጀርባሽ ሆኜ እያየሁሽ ነበር።»

«እችል ነበር።»

አንገቱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ ክትሩ አናት ቀና ብሎ፣ ከመንደሩ ዳር እስከ ዳር በሚሰማ ድምፅ ተናገረ።

«ሌያርኮ! ሰዎችህን ሰብስብ፣ የቀሩትን ዱባዎች ፎቅ ያውጡልኝ። የውሃውን በር አሁን እከፍተዋለሁ። መዘውሩን የማዞረው ግን እኔ ነኝ፤ ብትነካው ጣትህን ነው የምሰብርልህ!»