የተወረሰው ወገብ

ለናዝሬት ከተማ ሰፊ ሕዝብ በሙሉ! ከዛሬ ሐሙስ ጀምሮ የአሳላፊዎች አለቃ የአቶ አብተው ወገብ ቀጥ ብሎ እንዲቆይ ተወስኗል። እጅ መንሳት የፊውዳል ቅሪት ስለሆነ፣ ያለ ፈቃድ ያጎነበሰ ሠራተኛ ወጥ ቤት ወርዶ እንጨት ይፈልጣል።

ማስታወቂያው የሆቴሉ በር ላይ ሲለጠፍ አቶ አብተው አንብበው ወደ ሥራቸው ገቡ። ሆቴሉ ሲወረስ አልጋውም፣ ብርጭቆውም አብሮ ተወርሷል፤ የእሳቸው ወገብ ብቻ ተረስቶ ነበርና ተራው ደረሰ። ያ ወገብ ግን እንዲሁ ወገብ አልነበረም። ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ሳይቸኩሉ ዝቅ ሲሉ ያየ የሞጆ ነጋዴ ሁሉ ለምሳ መጥቶ አድሮ ይሄድ ነበር።

አርብ ማታ ሥራ አስኪያጁ ጓድ ደገፋ ወደ ጓዳ ሳባቸው።

«ጋሼ አብተው፣ ነገ ወደ ላንጋኖ የሚያልፉ ትልቅ ጓድ እዚህ ምሳ ይበላሉ። ለእሳቸው ብቻ፣ አንዴ፣ አሳምረው እጅ ይንሱ።»

«ማስታወቂያውስ?»

«እሱ ለሰፊው ሕዝብ ነው። ብቻ እንዳይሳሳቱ! ከተሳሳቱ እንጨቱ ይጠብቅዎታል።»

ቅዳሜ ላንድሮቨሩ መጣ። ሦስት ሰዎች ወረዱ፤ ሦስቱም ካኪ ለብሰዋል። ድሮ ትልቅ ሰው በካባው ይታወቅ ነበር፤ ዘንድሮ በምን ይለያል? አቶ አብተው በቦርጭ ለዩ። ወደ ባለቦርጩ ቀርበው፣ በዕድሜያቸው ሁሉ አድርገውት እንደማያውቁ አሳምረው እጅ ነሱ።

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ ሾፌሩ ጫላ ነኝ!»

ትልቁ ጓድ ከኋላ ቦርሳውን ራሱ ተሸክሞ የቆመው ቀጭን ሰው ነበር። ደገፋ ከንፈሩን ነከሰ። ከወጥ ቤቱ በር ወጥ ሠሪዋ እናትነሽ «ጉድ ፈላ!» ስትል ተሰማች።

አቶ አብተው እንዳጎነበሱ አሰቡ። ደንግጦ ብድግ ማለት ጫላን በሰው ፊት ማዋረድ ነው፤ የሰጡትን ሰላምታ መልሶ መቀማት ደግሞ የእሳቸው ወገብ ያልለመደው ነገር። እንደ ልማዳቸው ቀስ ብለው ቀና አሉ።

«እንኳን ደህና መጣህ፣ ጫላ።»

ወደ ሦስተኛው፣ ጠመንጃ ወደያዘው የጓዱ ጠባቂ ዞረው ያንኑ ያህል ዝቅ አሉ። ከዚያ ለቀጭኑ፤ ጣት ታህል እንኳ ሳይጨምሩ፣ ሳይቀንሱ። ቀጥለው ለእናትነሽ።

«ውይ ጋሼ፣ እኔንም?» አለች፣ የሽንኩርት እጇን በሽርጧ እየጠረገች።

ቀጭኑ ጓድ ቦርሳውን መሬት አስቀመጠና እሱም ለአቶ አብተው እጅ ነሳ። ጫላም ቦርጩ እንደፈቀደለት ጎንበስ አለ፤ ጠባቂውም ጠመንጃውን ደግፎ። ማስታወቂያውን አክብሮ ቀጥ ብሎ የቀረው ደገፋ ብቻ ነበር።

«እዚህ ቤት ሰው አይመረጥም ማለት ነው» አለ ቀጭኑ። «የማን ሐሳብ ነው?»

«መመሪያ ነው፣ ጓድ!» አለ ደገፋ።

እንግዶቹ በልተው እንደሄዱ ደገፋ ማስታወቂያውን በገዛ እጁ ገነጠለው። የእንጨቱን ነገር ያነሳም የለ።

«ጋሼ፣ የበላይ አካል ሲጠይቀኝ ምን ልበል? ሆን ብለው ነው ወይስ ተሳስተው? ያስረዱኝ እንጂ!»

አቶ አብተው ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ወገባቸውን ቀጥ አድርገው እንግዳ ወደሚቀበሉበት በር ሄዱ።

«አላስረዳም።»