ባለ ሦስት ቀለም ክኒን

ጋሽ ብሩሽ የሰው ቤት ሲያሳምር የኖረ ቀለም ቀቢ ነው። የራሱን ቤት እንዲቀባ ግን ሚስቱ ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ በመጨረሻም ሰልችቷት ተወችው። ስለዚህ አንድ ጠዋት ማንም ሳይነግረው የሳሎኑን ዕቃ በላስቲክ ሸፍኖ መሰላል ላይ ሲወጣ ብታየው፣ ደስ በመሰኘት ፈንታ ወደ መሰላሉ ሮጠች።

ሰውየው ግድግዳውን የሚቀባው ልሞት ነው ብሎ ነው። ሰገራው እንደ ሬንጅ መጥቆር ከጀመረ ሰንብቷል። ሆዱን ያቃጥለዋል፣ ብድግ ሲል ዓይኑ ይጨልምበታል። አባቱ በጨጓራ ካንሰር ነው የሞቱት፤ እሳቸውንም እንዲሁ ነበር የጀመራቸው። ሐኪም ቤት ሄጄ ምን ልስማ ብሎ ነገሩን በሆዱ ያዘው። እኔ ስሞት ይቺ ሴት ደግሞ ቀለም ቀቢ ፍለጋ እንዳትንከራተት አለና ብሩሹን አነሣ። ሞትን ያልፈራ መስሎት ነበር፤ የፈራውስ ሐኪሙን ነው።

ሚስቱ ወሬ አላበዛችም። መሰላሉን ግጥም አድርጋ ይዛ ውረድ አለችው። ይቺን ጥግ ልጨርስ ቢላት፣ ፊቱ ከቀለሙ በላይ መንጣቱን ነግራው በቁሙ ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደችው።

ሐኪሟ በዕድሜ ልጃቸው የምትሆን ወጣት ናት። ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ብትጠይቀው፣ ለትከሻው አልፎ አልፎ አንድ ክኒን ብሎ ዋሸ። ሚስቱ ይህን ስትሰማ ቦርሳዋን ከፍታ ከሥራ ልብሱ ኪስ ያራገፈችውን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ከነማሸጊያቸው ሮዝ፣ ቢጫና ሰማያዊ ክኒኖች ነበሩ።

ሮዙን ለትከሻው ብሎ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶታል። ቢጫውን አማቹ ለወገብህ ብሎ ሰጠው፤ ሰማያዊውን ደግሞ አብሮት የሚሠራው ግድግዳ ለሳኝ፣ ለጉልበትህ ይሁንህ አለው። ቀለማቸው ከተለያየ ሥራቸውም ይለያያል ብሎ ነው፤ ቀለም ቀቢ ቀለም ካላመነ ምን ይመን! ጠዋት ሦስቱንም በባዶ ሆዱ ይውጥና ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ማታ ይደግማል።

ሐኪሟ ማሸጊያዎቹን አንድ በአንድ እያገላበጠች አነበበች።

"አባቴ፣ ኢቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ፣ ናፕሮክሲን፤ ሦስቱም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሥራቸው አንድ ነው፣ ሕመም ማስታገስ። ሲደራረቡ ግን ጨጓራና አንጀት ያቆስላሉ፣ ያደማሉ፤ ኩላሊትም አይምሩም።"

"ታዲያ ካንሰሩስ?" አለ ጋሽ ብሩሽ።

ቃሉ ሳያስበው አመለጠው። ሚስቱ ዞር ብላ አየችው። ሐኪሟ ሳላይ አልናገርም ብላ አስተኛችው፤ ደሙን አስመረመረች፣ በማግስቱም ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በጉሮሮው አስገብታ ሆዱን አየችለት። ከጨጓራው በታች፣ አንጀቱ መግቢያ ላይ ቁስል አገኘች። መድማቱን አቁሟል፤ ካንሰርም አይደለም።

ከዚያ ወዲያ የተናገረችውን ግማሹን አልሰማም፤ ሚስቱ ናት የሰማችለት። ሦስቱንም እንዲተው፣ ቁስሉ እስኪድን የአሲድ መቀነሻውን እንዳያቋርጥ፣ ለትከሻው በታዘዘለት ልክ ፓራሲታሞል እንዲወስድ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሰው ክኒን እንዳይቀምስ፣ ሰገራው ዳግመኛ ቢጠቁር ነገ ሳይል በዚያው ቀን እንዲመጣ ነገረችው።

ኮሪደሩ ላይ ሲወጡ አግዳሚው ወንበር ላይ ቁጭ አለ። እፎይታው ሳቅ ሆኖ መጣበት።

"ልሞት ነው ብዬ ነበር እኮ" አላት። "እንዳትደነግጪ ብዬ ነው የደበቅኩሽ።"

"ከማን ነው የምትደብቀው? ሽንት ቤቱን የማጥበው እኔ፣ አባትህን ያስታመምኩት እኔ! አይቼ ነው ዝም ያልኩት። አፌን ከከፈትኩ እውነት የሚሆን እየመሰለኝ።"

ይህን ብላ አጠገቡ ተቀመጠችና ተንሰቀሰቀች። መሰላሉን ስትይዝ እንኳ ያላለቀሰች ሴት ለቅሶዋ አልቆም አለ። ጋሽ ብሩሽ ሊያቅፋት ክንዱን ሲያነሣ ትከሻው ክፉኛ ወጋው። ትከሻ ብቻ መሆኑን ሲያስበው ደስ አለው፤ እንደ ምንም አንሥቶ አቀፋት።