በመነጽሩ ላይ የገባችው የናስ ቁራጭ

የሆስፒታሉን መካኒክ የሰደበው የዓይን ሐኪሙ ነው። ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ ሦስት ተኩል፣ ቦታው የምርመራ ክፍል ቁጥር አራት በር ላይ ነበር፤ ዘንድሮ አሥራ አራት ዓመት ሞላው። የሰሙትም ሰዎች ይታወቃሉ፤ ሁለት ነርሶች፣ አንዲት የፅዳት ሠራተኛና ዓይናቸው በፋሻ የታሰረ አንድ ሽማግሌ። መካኒኩ የዚያን ዕለት ያጠፋው ጥፋት ቢኖር፣ "ዶክተር፣ ይኼ የመመርመሪያ መብራት ወደ አንድ ወገን ያዘመመ ይመስለኛል" ማለቱ ብቻ ነው። ሐኪሙ ከእግር እስከ ራሱ አየውና፣ "አንተ ደግሞ የት ተምረህ ነው ስለ ዓይን የምታወራኝ? ይልቅ ብሎንህን አጥብቅ!" አለው። ነርሶቹ ሳቁ። ማን እንደተሰደበ ያላዩት ሽማግሌ እንኳ አብረው ሳቁ።

መብራቱ አዘንብሎ ነበር። ከሳምንት በኋላ አንድ ባለሙያ በአውሮፕላን መጥቶ ያንኑ ቃል ተናገረና አቃንቶት ሄደ፤ እሱ ምሳ ተጋበዘ። መካኒኩን ግን "ልክ ነበርክ" ያለው አንድ ሰው የለም። ይልቅስ ከዚያች ማክሰኞ ወዲህ ስሙ "ብሎኑ" ሆኖ ቀረ። አለቃው "ብሎኑን ጥሩልኝ" ይላል። ዘበኛው "ብሎኑ፣ እንዴት አደርክ?" ይላል። እሱም ጥርሱን ነክሶ "ደህና" እያለ ኖረ። መልሱን ግን አልተወውም። ፊቱን ሲታጠብ፣ አውቶቡስ ሲጠብቅ፣ የተሰበረ የአልጋ እግር ሲበይድ፣ ለሐኪሙ የሚሰጠውን መልስ እንደ ቢላ ይስለዋል። አንድ ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ አፉን ሞልቶ ሊናገረው።

ትምህርት አልገፋም፤ እሱን አይክድም። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጧል። ያቋረጠው ግን ሰንፎ አይደለም። ታላቅ እህቱ በአሥራ አራት ዓመቷ ዓይኗ እየደከመ ሄዶ ጨርሶ ሲጠፋ፣ አባታቸው "እሷን የሚመራ ሰው ያስፈልጋል" አሉ፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ከእሱ ሌላ ልጅ አልነበረም። ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት፣ እሱ አንድ እርምጃ ቀድሞ፣ እሷ ክንዱን ይዛ፣ ያልረገጡት መንገድ የለም።

ዘንድሮ ለሆስፒታሉ ዓይነ ስውራንን የሚያሳይ አዲስ መሣሪያ መጣ። ለአሥራ ሁለት ሰው ብቻ ይሞከራል ተባለና እህቱ ሰባተኛ ሆና ገባች። ከዓይኗ ጀርባ የምስር ፍሬ የምታህል ቺፕ ተቀበረችላት። መነጽሯ ላይ፣ ከአፍንጫዋ በላይ፣ ትንሽ ካሜራ አለች። ካሜራዋ ያየችውን ወገቧ ላይ የታሰረ ሳጥን ተቀብሎ ወደ ቺፗ ይልካል። እንደ ድሮው አታይም፤ የሚታያት የብርሃን ነጠብጣብ ነው። መስኮት ከሆነ ነጠብጣቡ ይበዛል፣ ሰው ከቆመ ጥቁር ጥላ ይሆናል። ኦፕራሲዮኑን የሠራው ያው ሐኪም ነው። መካኒኩ ይህችንም ዋጣት፤ ለእህቱ ሲል።

ነገሩ ግን አልሆነም። አገጯን አስደግፈው ግንባሯን በቀበቶ ሲይዙላት መብራቱን ሁሉ አንድ በአንድ ትለያለች። ክፍሉ መሀል አቁመው "መስኮቱ የት አለ?" ሲሏት ጨለማ ነው። ሁለት ጊዜ ሞከሩ፤ ሁለቴም ያው። የመጨረሻው ሙከራ ለሐሙስ ተቀጠረ። ያን ቀን ካልሠራ ሳጥኑ ይዘጋል፣ ቺፗም እዚያው ተቀብራ ትቀራለች።

ሐሙስ ጠዋት የመመርመሪያው ወንበር ጎማ ሲጢጥ ማለት ጀመረና መካኒኩን ጠሩት። ወንበሩ ሥር ተንበርክኮ ሳለ እህቱ ገባች።

"ወንድምዓለም፣ እዚህ ነህ እንዴ? የዘይትህ ሽታ መጣ።"

"እዚሁ ነኝ እታለም። ወንበር እየሠራሁ ነው።"

"ኩርፊያህም አብሮህ መጥቷል።"

"እሱማ መች ይለየኛል!"

ሐኪሙ ጉሮሮውን ጠረገ። "እሺ እህቴ፣ መስኮቱን ያሳዩኝ።"

ከውጭ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል። እህቱ ጆሮዋን ወደዚያው ሰጥታ ቆመች፤ ቆየችም። "ጫጫታው የሚመጣው በዚህ በኩል ነው። ልዋሽዎት እችላለሁ፤ ግን እዪ ነው ያሉኝ። አይታየኝም፣ ዶክተር።"

ሐኪሙ ኮምፒውተሩ ጋ የተቀመጠችውን ኢንጂነር አየ። ኢንጂነሯ ከስክሪኑ ግርጌ የተደረደረውን ቁጥር እያነበበች ራሷን ነቀነቀች። "ቺፗ ደህና ናት፤ ምን እንደሆነ አልገባኝም።" ሐኪሙ፣ "እንግዲህ ምን ይደረግ፤ እንዘጋዋለን" አለ።

መካኒኩ ግን ከወለሉ ሆኖ ቁጥሩን አላየም፤ ካሜራዋ የምትልከውን ሥዕል ነው ያየው። ስክሪኑ ላይ ያለው ጥቁር ቁም ሳጥን ነው። መስኮቱ ደግሞ ከእሷ በስተቀኝ ነው!

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ታየው። እህቱ በዘጠኝ ዓመቷ ግራ ጆሮዋ መግሎ ደንቁሯል። ለምትፈልገው ነገር ሁሉ ቀኝ ጆሮዋን ትሰጣለች፤ ፊቷ ወደ ግራ ይዞራል። ፎቶ ሲነሡ እንኳ እሷ ሁልጊዜ ከፎቶው ውጭ ነው የምታየው። ከወንበሩ ጋር ሲያስሯት አንገቷን ስለያዙላት ነው የታያት። ሲለቋት ካሜራዋ ከአፍንጫዋ ጋር ግድግዳ ስትቃኝ ትውላለች።

"ዶክተር፣" አለ እየተነሣ፣ "ችግሩ ከቺፗ አይደለም።"

"ወንበሩን ጨርሰሃል?"

"ጨርሻለሁ።"

"እንግዲያው ውጣ።"

"አንዴ ይቆይ፣" አለች ኢንጂነሯ። ዓይኗ ከቁጥሩ ወደ ሥዕሉ ወጥቶ ነበር። "ካሜራዋ ቁም ሳጥኑን እኮ ነው የምታየው!"

ሐኪሙ ለታካሚዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንድታዞር ነገራት። አዞረች፤ አንድ እርምጃ ስትራመድ ግን አንገቷ ሳታውቀው ወደ ቦታው ተመለሰ። እንደገና ነገሯት፤ እንደገና ተመለሰ።

"ለልምምድ ወራት ይፈጃል፤ ጊዜው ደግሞ ዛሬ ያልቃል፣" አለ ሐኪሙ።

"እሷን ከምናዞር ካሜራዋን እናዙራት፣" አለ መካኒኩ።

"ብለህ ብለህ ይኼን ልትፈታ? ከፋብሪካ የወጣ ዕቃ ነው! ማንም አይነካውም።"

እህቱ ሳቅ አለች። "ዶክተር፣ መነጽሩ ያለው እኔ አፍንጫ ላይ ነው። ወንድሜ ይንካው።"

"የያዛት ሁለት ብሎን ነው፣" አለች ኢንጂነሯ ቀስ ብላ። "መልሰን እንገጥማታለን።"

ሐኪሙ ለመካኒኩ መንገድ ለቀቀ።

መካኒኩ እጁን በሳሙና ታጠበ። እህቱን "እታለም፣ መስኮቱን ስሚልኝ" አላትና አፍንጫዋ ወዴት፣ ጆሮዋ ወዴት እንደሚያመለክት በማስመሪያ ለካ። ከኪሱ ስስ የናስ ቆርቆሮ አውጥቶ የጥፍር ያህል ቆረጠ፤ አንዱን ጠርዝ ወፍራም፣ ሌላውን ቀጭን አድርጎ ሞረደ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የተሰደበበትን ብሎን ፈታ። ናሷን ከካሜራዋ ግራ ጠርዝ ሥር ወሸቀና መልሶ አጠበቀ። ካሜራዋ አሁን ወደ ቀኝ፣ እህቱ ወደምትሰማበት፣ ታያለች። ሩብ ሰዓትም አልፈጀበት።

መነጽሩን አደረገላትና የሞረደውን ብናኝ ሊሰበስብ መስኮቱ አጠገብ ጎንበስ አለ። ወሬ ሰምተው የመጡ ነርሶች በሩ ላይ ተደርድረዋል።

"መስኮቱን ያሳዩኝ፣" አለ ሐኪሙ።

እህቱ ጆሮዋን ሰጠች። እጇ ቀስ ብሎ ተነሣ። "ይኸው... ይኸውላችሁ! አራት ማዕዘን ነው። መሀሉ ላይ ጥቁር መስመር አለው።"

መስኮቱ መሀሉ ላይ ብረት ነበረው። ኢንጂነሯ አፏን በመዳፏ ያዘች።

"ከሥሩ ደግሞ አንድ የጎበጠ ነገር አለ። ወንድምዓለም፣ አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"ምነው ጎበጥክ? ቀና በል እስቲ፣ ልይህ።"

ቀና አለ። ትከሻውን ገፍቶ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ቁመቱ እስከፈቀደለት ድረስ ቀና አለ። ለመጨረሻ ጊዜ ስታየው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር።

"ውይ! ግንብ የሚያህል ሰው ሆነሃል እኮ፤" አለች። "ያላደገው ኩርፊያህ ብቻ ነው።"

ነርሶቹ ሳቁ። የዛሬው ሳቅ ግን የእሱ ነበር።

ሐኪሙ ጠጋ ብሎ መነጽሩን አየ፣ ናሷን በጣቱ ዳሰሳት። ቀለል ባለ፣ ከልቡ በሆነ ድምፅ፣ "ለመሆኑ ይኼን የት ተምረህ ነው?" አለው።

መልሱ ተስሎ፣ ምላሱ ጫፍ ላይ ቀርቧል። ሰውም ተሰብስቧል። እንዲህ ያለ ቀን ሲለምን ነው የኖረው። እህቱን ዘወር ብሎ አያት። ጣቷን ዘርግታ የመስኮቱን ክፍሎች ትቆጥራለች፤ አንድ፣ ሁለት፣ እንደገና አንድ።

መፍቻውን ኪሱ ከተተ። ሞረዱን በጨርቅ ጠቀለለ።

"እታለም፣ እንሂድ።"

እንደ ልማዷ ክንዱን ፈለገች፤ ያዘችውና መልሳ ለቀቀችው። ቀኝ ጆሮዋን ለበሩ ሰጥታ ራሷ መንገድ ጀመረች። ነርሶቹ ዞር ብለው አሳለፏት። እሱም አንድ እርምጃ ወደኋላ ሆኖ፣ ወገቡን ቀጥ አድርጎ፣ መልሱን በሚጠብቀው ሐኪም አጠገብ ቃል ሳይተነፍስ አልፎ ወጣ።