የጀምበሬ ቃሪያ

ጀምበሬ ያለ ቃሪያ እህል የማይወርድለት ሰው ነው። ጎንደር ሳለም፣ እስራኤል ረሆቮት ከተማ ከገባም በኋላ፣ ማዕድ ቀርቦ ቃሪያ ከጎደለ እጁን ሰብስቦ የሚቀመጥ ጉደኛ። ሚስቱ ውባየሁ ደግሞ ለጨጓራዋ ስለማይስማማት ቃሪያ በአፏ ዞሮ አያውቅም። ሻዓራይም ሰፈር ካለው ቤታቸው ደጃፍ ግን ለእሱ ስትል በየዓመቱ ትተክላለች።

አሁን የደም ካንሰር ይዞት፣ መቅኔው ተቀይሮለት፣ ሆስፒታል ውስጥ በመስታወት በተከለለ ክፍል ተኝቷል። ሰውነቱ ጀርም መቋቋም ስለማይችል ጥሬ አትክልት ተከልክሏል፤ ማጠቡም አይበቃም ተብሏል። የበሰለውን ሁሉ "ይህ ገለባ ነው" እያለ ይመልሰዋል። ሐኪሟ ኤፍራት ውባየሁን ጠርታ፣ በቅርቡ መብላት ካልጀመረ በአፍንጫው ቱቦ እንደሚገባለት ነገረቻት። ውባየሁ የዚያን ቀን አለቀሰች። በማግስቱ ግን መቀነቷን አጥብቃ ተነሳች።

ልጇ ያፊት ቂርያት ቫይዝማን በሚባለው የቴክኖሎጂ መንደር ውስጥ፣ ቅመማ ቅመም በጨረር ከጀርም በሚያጸዳ ድርጅት ትሠራለች።

"ኢማ፣ ቃሪያም ይቻላል እኮ" አለቻት ያፊት እናቷን። "ጨረሩ አልፎበት ይሄዳል እንጂ ውስጡ አይቀርም። ሳይበስል ጀርሙ ይሞታል።"

"ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?"

የያፊት አለቃ ኡሪ ግን ለአንድ ሰው ቃሪያ መሣሪያ አላስነሳም አለ። ውባየሁ ከቢሮው በር ላይ ወንበር ስባ ቁጭ አለች። ሰው በገባ በወጣ ቁጥር በተሰባበረ ዕብራይስጧ "ባለቤቴ አይበላም" ትላለች። ሠራተኛው ሁሉ ስለ ጀምበሬ ሆድ ማውራት ሲጀምር ኡሪ ተሸነፈ።

"ቤሰደር፣ እሺ በቃ! ሆስፒታሉ ይፍቀድ እንጂ እሠራለሁ።"

ኤፍራት ከምግብ ባለሙያዋ ጋር ተማክራ ፈቀደች፤ ቃሪያው ታሽጎ እንዲመጣ፣ ከረጢቱንም ከጀምበሬ በቀር ማንም እንዳይከፍተው አዘዘች።

ቃሪያው ጨረር አልፎበት፣ ታሽጎ ሲቀርብ ግን ያልታሰበው እንቢታ ከራሱ ከጀምበሬ መጣ። መቅኔው ከመቀየሩ በፊት ሰውነቱን በጨረር መትተውት፣ አፉ ቆስሎ ጸጉሩ ረግፎ ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ከረጢቱን ገፋው።

"እኔን የጠበሰኝን ጨረር ደግሞ በቃሪያ ልታበሉኝ?"

ያፊት ከመስታወቱ ውጭ ቆማ በስልክ ብታስረዳው ብታስረዳው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ውባየሁ ስልኩን ከልጇ እጅ ተቀበለች። ተቆጥታለች፤ ከቁጣው ይልቅ ግን ፍርሃቱ ይብስባታል።

"አንተ ሰውዬ፣ በአገራችን ጠላ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ ምን ያደርጋል?"

"ከመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል።"

"እንግዲያው እየኝ።"

አብሮ ጨረር የገባውን ሌላ ከረጢት ከቦርሳዋ አውጥታ ቀደደች። ትልቁን ቃሪያ መርጣ ገመጠችው። አፏ እስከ ጆሮዋ ድረስ ነደደ፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አኘከች፣ ዋጠች፣ ደግማ ገመጠች።

ጀምበሬ ከትራሱ ቀና አለ። "እንዴት ነው? እንደ ድሮው ያቃጥላል?"

"እኔ ምን አውቄ! ድሮ በልቼው አውቃለሁ?"

ጀምበሬ ሳቀ፤ ሳል እስኪይዘው ሳቀ። ከዚያ ከረጢቱን በገዛ እጁ ቀደደ። አንዴ ገመጠና ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው ጠዋት የመለሰውን ዓይነት ምግብ እንዲያመጡለት ነርሷን ጠራት።

"አንቺ ግን ይብቃሽ" አላት አፉ እንደሞላ። "ጨጓራሽን ያምሻል።"

"ዝም ብለህ ብላ!" አለችው፤ እሱ ሳህኑን እስኪጨርስ ድረስ ቃሪያዋን ከእጇ አላስቀመጠችም።