የቦራ ዕጣ

አምደሚካኤል መልአኩን በስሙ ተሸክሞ ይዞራል፤ ቀኑን ግን የሚያየው በስልኩ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ስለዚህ የበረዶ ሳጥኑን ጭኑ ላይ አቅፎ ከደብረ ማርቆስ ወደ አምበር ከተማ በሚኒባስ ሲመጣ፣ ዕለቱ ሚካኤል መሆኑ ትዝም አላለው። የሁለተኛ ዲግሪ ተመራማሪ ነዋ!

«በሚካኤል ላሜን መርፌ አታስነካትም» አሉት እትዬ እቴናት፣ በራቸው ላይ ቆመው።

ቀኑን ማዛወር ደግሞ አይቻልም። ጥናቱ ከወለዱ በኋላ ኮርማ አልፈልግ ባሉ ላሞች ላይ ነው፤ መርፌው የሚሰጠውም ከወለዱበት ቀን ተቆጥሮ ነው። ገሚሶቹ አንጎል የሚያመነጨውን አስመስሎ በላብራቶሪ የተሠራ ሆርሞን ይወጋሉ። ሆርሞኑ ከአንጎል ሥር ያለችውን እጢ ይቀሰቅሳል፤ እጢዋም እንቁላል የሚያስለቅቀውን ሌላ ሆርሞን ወደ ደም ትረጫለች። የቀሩት ለማነጻጸሪያ የጨው ውኃ ብቻ ይወጋሉ። ለእትዬ እቴናት ላም ለቦራ በዕጣ የደረሳት የጨው ውኃው ነው። ይህንን ሊነግራቸው አስቦ ነበር፤ ሲያስብ ከረመ። አሁን ቦራ ከቀረች ጥናቱ ይበላሻል፣ ምረቃውም ይቀራል።

አምደሚካኤል ሲጨንቀው ብልጥ ይሆናል፤ ችግሩም ይኸው ነው። ከቄስ ትምህርት ቤት የተማረውን ሁሉ ረስቶ አንዲት ነገር ብቻ ትዝ አለችው፤ በሽተኛን ማከም በበዓልም አይከለከልም።

«እትዬ፣ እኮ ታማለች! ኮርማ ያልፈለገችው ሕመም ቢኖርባት ነው። የያዝኩት መድኃኒት ነው» አለ፤ ፊቱንም እንደ ሐኪም ኮስተር አደረገ።

እትዬ እቴናት ደነገጡ። «ምነው ቀድመህ ብትነግረኝ ልጄ!» ብለው ላሟን ራሳቸው አሰሩለት፤ ቀንዷን ይዘውም «አይዞሽ» አሏት። እሱም የጨው ውኃውን ወጋ፤ ቆየት እያለም ለምርመራ ደሟን ቀዳ። እንዲያውም ራሱን ማድነቅ ቃጥቶት ነበር።

«ሚካኤል እጅህን ይባርከው» አሉት ሲጨርስ። «ኮርማ መቼ ላምጣላት? የጎረቤቴን የይስማውን ዛሬውኑ ልለምን?»

አምደሚካኤል አፈረ።

«አይለምኑ እትዬ» አለ ቀስ ብሎ። «እሷን የወጋኋት የጨው ውኃ ነው። ሆርሞኑ ለሌሎቹ ላሞች ነው።»

እትዬ እቴናት የላሟን ቀንድ ለቀቁ።

«ታማለች ያልኸኝ አንተ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለታመመ ውኃ ትወጋለህ?»

ሊያስረዳቸው አፉን ከፈተ። እሳቸው ግን ጀርባቸውን ሰጥተውት፣ ቦራ የተወጋችበትን ቦታ በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር።